ትንሿ የወርቅ በር

እሑድ፣ ጥር 25 ቀን 2017

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጓደኛዬ ትብለጥ መኪናው ውስጥ እጄን ይዛ "ሃይሚ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ያኔት ትግባ ትያለሽ?" አለችኝ። ሶሮሪቲ ስለሚሉት የሴት ተማሪዎች ማኅበር ነው። ልጇ ያኔት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። የእኔዋ ሰሊና እዚያው ዘንድሮ ትመረቃለች፤ በማኅበሩ ውስጥ አዲስ ገቢዎቹን የምትቀበለውና የምታሠለጥነው እሷ ናት።

"ሰሊና እያለችላት ምን ትሆናለች?" አልኳት። "እህቷ አይደለችም እንዴ?"

ከልቤ ነው። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ላንግሊ ፓርክ አንድ ሕንፃ ላይ ስንኖር ያኔትን ከስኩል ባስ የምትቀበላት፣ ፀጉሯን የምትሠራት ሰሊና ነበረች። ትብለጥ ነርሲንግ ሆም ሥራዋ ቀንና ሌሊት ደብል ስትገባ ያኔት እኛ ጋ ነበር የምታድረው። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንወጣ ልጅቷ የጫንነውን ዕቃ እያየች ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

"በቃ፣ አንቺ ካልሽ" አለች ትብለጥ፤ ፊቷ በራ።

ባሌን ነጋን ማታ ስነግረው ሳቀ። "እነዚያ ሰዎች ድሮ የኛን መልክ በደጃቸው አያሳልፉም ነበር" አለ። "ዛሬ በር ከፋቿ ልጄ ናት።" ባሌ እንዲህ ደረቱን ሲነፋ ካየሁት ቆይቷል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የምሠራበት የወርቅ ወርክሾፕ ትልቅ ሥራ መጣለት። ባለቤቱ ሚስተር ዳግ እኔን ከቀጠረኝ ጀምሮ የማኅበራት ባጅ፣ ደረት ላይ የሚሰካውን ምልክት፣ እንሠራለን፣ እናድሳለን፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ይህን በእጅ የሚሠራ ሌላ ቤት የቀረ አይመስለኝም። አሁን የመጣው የሰሊና ማኅበር ራሱ ነው። መቶ ሃምሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ነውና ባጁ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ እንዴት እንደተለወጠ በመስታወት ሣጥን ተደርድሮ ይታያል። ማደሱ የእኔ ነው።

የበር ቅርጽ ነው ባጁ። የጥንቶቹን ከጥጥ ሳወጣቸው ደነገጥኩ፤ ትልልቅ ናቸው፣ ከሩቅ ይታያሉ። በሩ እውነተኛ በር ነው፤ ፀጉር የምታክል ማጠፊያ አለው፣ በጥፍር ሲገፉት ይከፈታል፣ ውስጡ የባለቤቷ ስም በእጅ ተቀርጿል። "ያኔ ጥቂት ነበሩ" አለኝ ዳግ። "ሴት ልጅ ኮሌጅ መግባቷ ራሱ ወሬ ነበር። እንዲታዩ ፈልገው ነው።"

ከእነሱ የሚቀጥሉት ሉል የበዛባቸው ናቸው። እያንዳንዷ በአቅሟ፣ ደስ ላላት ወርቅ ሠሪ ነበር የምታሠራው፤ አንዷ በሉል፣ አንዷ በኦፓል ድንጋይ፣ ባለጸጋዋ በአልማዝ። በኋላ ዋናው ቢሯቸው "አንድ ዓይነት ይሁን" አለ። ባጁ አነሰ፤ በሩም ከመቃኑ ጋር ተበየደና መከፈት ቀረ። በጦርነቱ ዘመን ወርቅ ሲጠፋ ብር ላይ ወርቅ ቀቡ። ወርቅ ሲወደድ ደግሞ እንደ ቅጠል ሳሳ። የዛሬው በኮምፒውተር ተስሎ፣ ቀልጦ ፈስሶ፣ በሌዘር የሚቀረጽ ነው። በር የነበረው ጥቁር መስመር ብቻ ሆኗል። እንደ ልብስ ቁልፍ የቀለለ ነው።

የሰሊናን ሉል ግን እኔ ነኝ በወረንጦ አንድ በአንድ የደረደርኩት። ዳግ ፈቅዶልኝ።

ከእነዚህ ብዙዎቹ የሞቱ ሴቶች ባጆች ናቸው። ባጁ የማኅበሩ ንብረት ነው፤ አባሏ ስትሞት ወይም ስትባረር ይመለሳል። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። በሕይወት እያለሽ ደረትሽ ላይ፣ ግን ያንቺ ያልሆነ።

እሑድ፣ የካቲት 16። ቅበላ

ያኔት ልብስ ተሸክማ መጣች፤ ሰሊና ዶርም ያጠራቀመችውን በሙሉ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ጫማዎቿን ሳይቀር በከረጢት ይዛ። እንዴት ያለች ልጅ ናት! ሳሎን ገብታ ቆመች። "ቁጭ በይ እንጂ፣ እንግዳ ነሽ?" አልኳት። ወደ ሰሊና አየች። ሰሊና ከስልኳ ቀና ሳትል "ሲት" አለቻት። ያን ጊዜ ተቀመጠች። እዚህ አገር ባደጉ ልጆች እንዲህ ዓይነት መከባበር አይቼ አላውቅም፤ ለነጋም ነገርኩት።

ምግብ አቀረብኩ። "ጠግቤያለሁ፣ አንቲ" አለች፤ ዓይኗ ግን ከሳህኑ አልተነሣም። ለመንገድ ቋጠርኩላት። በኋላ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ቋጠሮው እንዳለ ጋርቤጁ ውስጥ አገኘሁት።

የኔን ምግብ ለምዳ አድጋ!

ሰኞ፣ የካቲት 24

ሜትሮ ባቡር ላይ። መኪናዬን ዛሬም ሰሊና ወስዳዋለች። ትብለጥ ቮይስ ልካለች፦ ያኔት ስልክ አታነሣም፣ ብታነሣም "ቢዚ ነኝ" ብላ ትዘጋለች። "ሰሊናን ጠይቂልኝ" አለች። ጠየቅኳት። "ሺ ኢዝ ፋይን፣ ማሚ። ሁሉም እንደዚህ ነው መጀመሪያ።" ለትብለጥ እንዲሁ ጻፍኩላት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ያኔት ሳትደውል ወርክሾፕ መጣች። ከሜሪላንድ አሌክሳንድሪያ ድረስ፣ ባጆቹን ለማየት። ከስታለች፤ ጾሙን ጠበቅ አድርጋ ይዛዋለች መሰለኝ። ወንበር ሰጠኋት፤ አልቀመጥም አለች።

"ምነው?"

"ጂም ጀምሬ ነው፣ አንቲ። እግሬ ሶር ነው፣ ያመኛል።"

ከአሮጌው ጀምሬ እስከ አዲሱ አሳየኋት። የሚከፈተውን ደጋግማ ከፈተችው። ስሙን ጮክ ብላ አነበበችው፤ የሞተች ከመቶ ዓመት በላይ የሆናት ሴት ናት። "ይሄኛው ያንቺ መሆኑ ያስታውቃል" አለች። "አሁን ያለው ግን የማንም ሊሆን ይችላል።"

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ "አንቲ፣ ጀምራ ያቆመች ሰው ይኖራል? መሀል ላይ?"

እጄ ላይ ሉል ነበር፤ ቀና አላልኩም። "ሁሉም ነገር ሲገቡበት ይከብዳል" አልኳት። "ታገሺ። ሰሊናም በዚሁ ነው ያለፈችው። እናትሽ ደግሞ እንዴት እንደኮራችብሽ ብታዪ!"

"እሺ" አለች። ይህቺ ልጅ ከእሺ ሌላ ቃል አታውቅም። ወዲያው ስልኳ ነዘረ፤ "ቢግ ሲስ" የሚል አየሁ፤ ሰሊና ናት። እሳት እንደተኮሳት ሰው ዘላ ወጣች። ኮቷን ረስታው ሄደች፤ ውጭ ብርድ ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 7

በቅዳሴው «ስግዱ» ሲባል ያኔት ወድቃ መነሣት አቃታት። በግድግዳው ተደግፋ፣ በጉልበቷ እየዳኸች ተነሣች። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ "ጾሙ ጎድቷታል፣ ምስኪን" አለች። እኔም ለትብለጥ ይህንኑ አልኳት። ትብለጥ ሽማግሌና አሮጊት ስታነሣ ስታስተኛ የምትውል ሰው ናት። "የጾም አነሣስ አይደለም ያ" አለችኝ። "የሰው ሰውነት አውቃለሁ፣ ሃይሚ።"

"አንቺ ደግሞ መጨነቅ ትወጃለሽ" አልኳት።

ሰሊና አጠገቤ ቆማ ነበር። ቀጥ ብላ ወደ ፊት ታያለች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ሰሊና ኪችን ሆና በስልክ ስታወራ ሰማሁ። "ኖ፣ ማቆም አትችልም። ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ ታለቅሳለች ከዚያ ታደርገዋለች። ኢፍ ሺ ኩዊትስ አይ ሉክ ባድ፣ ካቆመች የምዋረደው እኔ ነኝ።" ስገባ ወደ ጓሮ ወጣች።

የግሩፕ ፕሮጀክት አለባቸው። የሱ ነገር ይሆናል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ሰሊና መኪናዬን መለሰች፤ ግራጫዋ መኪና ውስጧ ሳይቀር ታጥቦ ሽቶ ሽቶ ይላል። የኋላ ምንጣፉ ገና እርጥብ ነው። ምን ነካት ዛሬ! አመሰገንኳት። ገብታ ተኛች።

በኋላ።

ትብለጥ ደወለች። ያኔት ሆስፒታል ናት። እየሄድኩ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ከሆስፒታል አሁን ገባሁ። ምን ብዬ ልጀምር።

ልጅቷ አፏ ውስጥ ቱቦ፣ አንገቷ ላይ ቱቦ። ፊቷ አብጧል። ዶክተሩ ለትብለጥ በእንግሊዝኛ ሲነግራት እኔ በአማርኛ እደግምላት ነበር፤ ትብለጥ እንግሊዝኛ አጥታ አይደለም፣ ከሰው አፍ እንዲመጣላት ፈልጋ ነው መሰለኝ። ጡንቻዋ ከመጠን በላይ ተሠርቶበት ፈራርሷል፣ የፈራረሰው ደሟ ውስጥ ገብቶ ኩላሊቷን አቁሞታል፣ ልቧም ተረብሿል። "ማራቶን ሮጣለች? ተደብድባለች? የወሰደችው ነገር አለ? ያንን ብናውቅ ይጠቅመናል" አለ።

"ልጄ ታይሌኖል እንኳ ሳታስፈቅደኝ አትውጥም" አለች ትብለጥ።

ማን እንዳመጣት አይታወቅም። ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው ያገኟት። ጥበቃው ካሜራ አይቶ ግራጫ መኪና ጥሏት ሄደ ይላል፤ ታርጋው አይነበብም።

ሜሪላንድ ውስጥ ስንት ግራጫ መኪና አለ።

ትብለጥ የያኔትን እግር አልብሳ ገልጣ ታየዋለች፣ አልብሳ ገልጣ ታየዋለች። ጭኗ እንደ ድንጋይ ነው። "ሰሊና መቼ ትመጣለች?" አለችኝ። "ከኔ ይልቅ ለሷ ትነቃ ይሆናል።"

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ሰሊና ከአልጋ አልወረደችም። "እህትሽ አይደለችም? ተነሺ እንሂድ" አልኳት። "አይ ካንት፣ ማሚ።" ትራሱን ፊቷ ላይ አደረገች።

ነጋ ክሪስታል ሲቲ ካለው ሥራው በጊዜ መጣ። የሚነዳውን የሆቴል ሻትል ባስ ትቶ በሥራ ቀን ወደ ቤት የመጣበት ቀን ትዝ አይለኝም። በሩን ዘግተው ከሰሊና ጋር ቆዩ። ሲወጣ ዓይኔን ሳያይ ጠየቀኝ፦

"ሰኞ ሌሊት መኪናው የት ነበር?"

"እዚሁ" አልኩ።

ለምን እንዲህ አልኩ? የነበረችበትን መች አውቄ።

"ጥሩ" አለ። "ማንም ቢጠይቅሽ እንደዚያው በይ።"

እሑድ፣ መጋቢት 21

ዛሬ ማናችንም ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ነጋ ሥራ ነው። የሰሊና ክፍል ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ የሚቀጥለውን ሁሉ እንደተባለው እጽፈዋለሁ፣ ነገ ሌላ ዓይነት አድርጌ እንዳላስታውሰው።

"ምን አደረጋችኋት?"

"ምንም።"

"ሰሊና።"

"ዎል ሲት ነው። ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ፣ ያለ ወንበር። እና ስኳት፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት። አንዷ ከተሳሳተች ሁሉም ይቀጣል። ኤቭሪባዲ ዳዝ ኢት፣ ማሚ።"

"ስንት ጊዜ?"

"በየቀኑ። ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ ጀምሮ።" ግድግዳውን ነው የምታየው። "ሰኞ ዕለት ያኔት ወደቀች። ተነሺ አልኳት። እኔ ነኝ ተነሺ ያልኳት። ተነሣች። እሷ ሁልጊዜ ትነሣለች። ከዚያ ደግሞ ወደቀችና ሽንቷ ኮካ ኮላ የመሰለ ሆነ።"

"የወሰደችው ነገር አለ ወይ ይላል ዶክተሩ።"

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበች። ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት፤ ልጄን እንዲህ ይዣት አላውቅም። "እንዳይተኙ ፓውደር እንሰጣቸዋለን" አለች። "ኦንላይን የተገዛ። ውሃ ውስጥ። ሰኞ ብዙ ጠጣች።"

"ለምን ለሐኪሞቹ አልተናገርሽም? አምስት ቀን ሙሉ!"

"ዳዲ አትናገሪ አለኝ። የቀጠረልኝ ሎየርም።"

ነጋ ከኔ በፊት ያውቅ ነበር። የትብለጥን ስልክ አንሥቶ "እግዚአብሔር ይማርልን" ያላት ትናንት ነው።

ልወጣ ስነሣ ከኋላዬ አንድ ነገር አለችኝ። ጮክ አላለችም። "እኔንስ? እኔን ሲያደርጉኝ የት ነበርሽ? ያን ጊዜም ፋሲካ ሊደርስ ነበር። ደረጃውን በእግሬ መውጣት አቅቶኝ በቂጤ ስወጣ አይተሽኛል። 'ጾሙ ነው፣ በርቺ' አልሽኝ። ከዚያ ባጄን ሠርተሽ ሰጠሽኝ።"

እውነቷን ነው። አስታወስኩት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች ነበር ያኔ። ወይም እየሳቀች መሰለኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ሆስፒታል ሄድኩ። ትብለጥ ሻሽ አልለወጠችም፣ አልበላችም። ሾርባ ይዤላት ሄጄ ነበር፤ "ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ" ብላ ጠጣችው። ልነግራት ነበር፤ ሳህኑን ይዤ ላጥብ ወጣሁ። ነጋ ጠዋት "ልጅሽን በገዛ እጅሽ እስር ቤት ልትከቻት ነው?" ብሎኝ ነበር።

ነገ።

አንድ ቀን ምን ያመጣል ብዬ ራሴን እያታለልኩ ነው የተመለስኩት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ነገርኩ።

መጀመሪያ ዶክተሩን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። የፓውደሩን ስም ሰሊና ስልኬ ላይ ልካልኝ ነበር፣ አሳየሁት። እያየ ፊቱ ተለወጠ። "መቼ ነው ያወቅሽው?" አለኝ። "ቀደም ብለን ብናውቀው ይለወጥ ነበር?" ብዬ መልሼ ጠየቅኩት። "አሁን ማወቃችን ጥሩ ነው" ብሎ ሄደ። የሐኪም መልስ መሆኑ ነው ይሄ።

ከዚያ ትብለጥ። ከአልጋው ማዶ ቆሜ ተናገርኩ፦ ግድግዳውን፣ ፓውደሩን፣ መኪናዬን፣ ተነሺ ያለቻት ማን እንደሆነች። ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የያኔትን እጅ እንደያዘች ጠየቀችኝ።

"መቼ አወቅሽ?"

"እሑድ።"

"ትናንት ሾርባ አመጣሽልኝ።"

"አዎ።"

"አጠጣሽኝ።"

ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ቆሜ ቆየሁ። ነርሷ መጥታ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚቆየው አለችኝ። እስከ ዛሬ ቤተሰብ ነኝ ብዬ ነበር የምገባው።

እሑድ፣ መጋቢት 28

ዩኒቨርሲቲው የማኅበሩን ቤት ዘግቶታል። ሰሊና ከትምህርት ታግዳለች፤ ምረቃ የለም። ፖሊስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠበቃው "ደንበኛዬ አትናገርም" አላቸው። እኔን ጠየቁኝ፤ ስለ መኪናው ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። ነጋ ልብሱን በሻንጣ ይዞ ፎልስ ቸርች ወንድሙ ቤት ሄደ። በሩ ላይ ቆሞ "ለሰው ልጅ ብለሽ የራስሽን" አለኝ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

የራሴን ልጅ ያጠፋኋት ዛሬ ነው ወይስ ያ ደረጃ ላይ ያየኋት ቀን? ይህን ብጠይቀው እሱም የሚመልስልኝ አይመስለኝም።

ሰሊና ታች ቤዝመንት ናት። ምግብ ደረጃው ላይ አስቀምጥላታለሁ። አንዳንዴ ትበላዋለች።

ቤተ ክርስቲያን ሰላም የሚሉኝ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዷ "ለመሆኑ ልጆቹ ድሮም አይስማሙም ነበር?" አለችኝ። ይስማሙ ነበር፣ አልኩ። በጣም ይስማሙ ነበር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

የማኅበሩ ዋና ቢሮ ለዳግ ደብዳቤ ጽፏል። ከተዘጋው ቤት የተባረሩት ልጆች ባጅ ተሰብስቦ ይመለሳል፤ እኛ ወርቁን አቅልጠን እናስረክባለን። በዓሉ ግን አልተሰረዘም። ሣጥኑ በጊዜው ይድረስልን ይላል፤ ስለ ያኔት አንድ መስመር የለውም።

"አልችልም" አልኩት። ወረንጦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ዳግ የተደረደሩትን ባጆች አየ። "አባቴ ሲሠራቸው ኖረ፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሠራኋቸው" አለ። "ሉሉ የማን እንደሆነ፣ ወርቁ ስንት ካራት እንደሆነ እንጠይቃለን። ልጆቹ ይህን ለማግኘት ምን እንደሚከፍሉ ግን ጠይቀን አናውቅም።" ከዚያ የጋብቻ ቀለበት ሥራ ሰጠኝ። ባጆቹን ራሱ ጨረሳቸው። አንዱን ሉል ሁለቴ ጣለው፣ ላነሣለት አልተነሣሁም።

ስቅለት

ስሰግድ ዋልኩ። ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ። ማንም ምንም አላለኝም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ትብለጥ ደወለች። ስሟን ስልኬ ላይ ሳይ ያኔት ሞታለች ብዬ ተቀመጥኩ።

"ቱቦው ወጥቶላታል፣ ነቅታለች" አለች። ድምፅዋ የማላውቀው ሰው ድምፅ ነው። "አንቺን ጠየቀች። እኔ ስለማልችል አንቺ ነይና መልሺላት።"

ሄድኩ። ያኔት ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ጉሮሮዋ ስለቆሰለ ጠጋ አልኳት። ትብለጥ መስኮቱ ጋ ቆማ ውጭ ውጭውን ታያለች።

"አንቲ፣ አለፍኩ?"

መጀመሪያ አልገባኝም።

"ገባሁ ወይ? ሰሊና ምን አለች?"

ልዋሽ ነበር። እግዚአብሔር ያያል፣ አዎ ልላት ነበር። "ማኅበሩ ተዘግቷል፣ የኔ ልጅ" አልኳት።

አሰበችበት። ከዚያ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ፈሰሰ፤ የማይንቀሳቀስ ሰው እንባ ወደ ጎን ነው የሚፈሰው። "በኔ ምክንያት?" አለች። "ሶሪ በያት። ሰሊናን ሶሪ በይልኝ። ልጨርሰው ነበር፣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።"

ትብለጥ ከክፍሉ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ሆና የጮኸችው ጩኸት እስከ ሊፍቱ ድረስ ተከተለኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

መልእክቱን ትናንት ማታ ለሰሊና አደረስኩ። ቤዝመንት ወርጄ፣ ሶፋው ፊት ቆሜ፣ ቃል በቃል። "ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት። እንደገና ድገሚው አለች፤ በሦስተኛው ጆሮዋን ያዘች።

ዛሬ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አስይዛ ወጣች። "ፖሊስ ጋ ውሰጂኝ" አለች። ጠበቃው እየደወለላት ስልኳን አጠፋችው። መንገድ ላይ "ይፈረድብኛል፣ አይደል?" አለች፣ በአማርኛ። እንደ ልጅነቷ። "ይመስለኛል" አልኳት። በሩ ላይ አቀፍኳት፤ አጥንት ብቻ ናት። ውስጥ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ቀለለኝ አላለችም። እኔም ቀለለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳት።

ነጋ ሰምቶ ደወለ። ስልኩን ይዞ ሲያለቅስ ሰማሁት፣ ከዚያ ተዘጋ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

የሰሊና ፍርድ ቤት ቀጠሮ ለክረምት ተቆርጧል። ያኔት ወደ ማገገሚያ ተዛውራለች። መራመድ እንደ አዲስ እየተማረች ነው፤ ደሟን በማሽን ያጥቡላታል። ሐኪሞቹ ኩላሊቱ ይመለሳል ማለትም አይመለስም ማለትም አልቻሉም፤ ወራት እንጠብቅ ይላሉ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ቆይቼ ዛሬ ምሳ ሰዓት ከወርክሾፑ ጓሮ ሆኜ ለትብለጥ ደወልኩ። አታነሣም ብዬ ነበር፤ አነሣች። ሳላመነታ ቶሎ ተናገርኩት፦ ኩላሊቷ ካልተመለሰ የኔን አንዱን ልስጣት፣ ደሜ ይመርመር፣ ለማንም አትንገሩ፣ ከማን እንደመጣም እሷ አትወቅ።

ከኋላዋ የያኔትን ድምፅ ሰማሁ፤ ነርሷ አንድ ነገር ስትላት "እሺ፣ እሺ" ትላለች።

"ብጠይቃት እሺ ትላለች" አለች ትብለጥ። "ለማንም፣ ለምንም እሺ ትላለች። ለዚህ ነው በሷ ፈንታ እኔ እምቢ የምልሽ።"

ስልኩ ተዘጋ።